ዋር ፋይል ለመፍታት፦ ጃር ወይስ አንዚፕ?

የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን የሚታሸግበት ዋር ፋይል ስሙ ይለይ እንጂ ውስጡ ያው ዚፕ ነው። ስለዚህ በትዕዛዝ መስመር ሁለቱም ይፈቱታል፤ ከጄዲኬ (የጃቫ ፕሮግራም መስሪያ መሣሪያዎች ስብስብ) ጋር የሚመጣው ጃርም፣ ተራው አንዚፕም።

ጃር ጄዲኬ በተጫነበት ማሽን ሁሉ አለ። ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ፣ ትዕዛዙ አንድ ነው፦ ኤክስ እና ኤፍ፣ ከዚያ የፋይሉ ስም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በቆዩት የጃቫ ስሪቶች መድረሻ ፎልደር መምረጥ አይቻልም። ያላችሁበት ፎልደር ላይ ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካገኘ ደግሞ ሳይጠይቅ ይተካዋል! መጀመሪያ ባዶ ፎልደር ፍጠሩና እዚያ ገብታችሁ ፍቱት።

አንዚፕ እዚህ ላይ ጨዋ ነው። ከመተካቱ በፊት ይጠይቃል። ዲ በሚለው አማራጭ የት እንደሚያስቀምጥ ትነግሩታላችሁ። ፒ ብላችሁ የአንድ ፋይል ስም ብትሰጡት ደግሞ ዲስክ ላይ ምንም ሳይጽፍ ይዘቱን ስክሪን ላይ ያሳያችኋል። ሰርቨር ላይ የአፕሊኬሽኑን ማዋቀሪያ ፋይል፣ ዌብ ዶት ኤክስኤምኤልን፣ ቶሎ ለማየት ይሄ ግሩም ነው። ብቻ በሁሉም ማሽን ላይ ተጭኖ አይገኝም።

እኔ ለመፍታት አንዚፕን፣ መልሶ ለማሸግ ጃርን እመርጣለሁ። ጃር ሲያሽግ ማኒፌስቱን፣ ማለትም ስለ ጥቅሉ መረጃ የሚይዘውን ፋይል፣ አዲስ ይጽፋል፤ ነባሩን ማቆየት ከፈለጋችሁ ትንሿን ኤም ጨምሩና ነባሩን የማኒፌስት ፋይል ጠቁሙት።