የአለርጂ ማሳከክን የሚያስታግሰው መርፌ፦ በደሴ በውሻችን ላይ ያየነው ውጤት

በደሴ ውሻ የሚያሳከከው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «እከክ ነው፣ አይቨርሜክቲን አስወጋው» የሚል ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። የእኛ ቦቢ ግን ተወግቶም አልተሻለውም። የፊት እግሮቹን ጣቶች መሐል ከመላሱ ብዛት ነጭ ፀጉሩ የዛገ ቆርቆሮ መስሎ ነበር፤ ሌሊት ሲያክክ ክርኑ የበረንዳውን ጣውላ ሲመታ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ክኒን ማሳከኩን ቢያቆምለትም ውኃ ጥማቱና ረኃቡ በረታ፣ ሽንቱም በዛ፤ ክኒኑ ሲቆም ሁሉም ተመለሰ።

ዛሬ አስተያየት የምሰጥበት መድኃኒት ሎኪቬትማብ ሲሆን የገበያ ስሙ ሳይቶፖይንት ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቃድ ያገኘ፣ ለውሻ ብቻ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ነው። የማሳከክን ስሜት ወደ ነርቭ የሚያደርሰውን ኢንተርሉኪን 31 የተባለ ፕሮቲን ለይቶ ስለሚይዝ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ በጅምላ አያዳክምም።

ሐኪማችን ግን ወዲያው አልወጋውም፤ ከሁሉ በላይ የማመሰግነውም በዚህ ነው። ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ አየ፤ ድመታችንን ጨምሮ በግቢው ያሉትን እንስሳት ሁሉ ለቁንጫ አከመ፤ ያመረቀዘውን ቆዳ አዳነ። ከዚያም ቦቢ ቀምሶት የማያውቀውን፣ ከሐይቅ የሚመጣ ዓሣ ከድንች ጋር ብቻ ለ8 ሳምንት እንድናበላው አዘዘ። በመሐል ጎረቤታችን አዝና የጣለችለት አንድ አጥንት ከመጀመሪያው እንድንጀምር አስገድዶናል። ምግቡም እንዳልሆነ ሲረጋገጥ ነው ወደ መርፌው የተሄደው።

መድኃኒቱን በሐኪሙ ማዘዣ ከውጭ አገር ያመጣልን ዘመዳችን ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ስላለበትና በረዶ ሊሠራ ስለማይገባው፣ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሣጥኑን ጭኔ ላይ ይዤ ቴርሞሜትሩን ደጋግሜ አይ ነበር። 22 ኪሎ ለሚመዝነው ቦቢ ባለ 30 ሚሊግራሙ ብልቃጥ ከቆዳ ሥር ተሰጠው።

በማግስቱ ምሽት መላሱ ቀነሰ፤ በሦስተኛው ሌሊት ጣውላው ዝም አለ። በወሩ ከጣቶቹ ሥር ነጭ ፀጉር ብቅ ሲል ልጆቹ መዳፉን እየገለጡ ያሳዩኝ ነበር። በ5ኛው ሳምንት ግን ማሳከኩ ተመለሰ፤ መድኃኒቱ ያስታግሣል እንጂ አለርጂውን አይነቅልም። ሰውነትን ከአለርጂው መንስኤ ጋር ቀስ በቀስ የሚያላምደው ሌላው የመርፌ ሕክምና የበሽታውን አካሄድ ሊለውጥ ቢችልም፣ መንስኤውን በምርመራ መለየትንና ውጤቱን ለመመዘን እስከ 12 ወር መታገሥን ይጠይቃል።

ዋጋው ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ቁንጫ፣ እከክና ምግብ ሳይጣሩ እንዲገዛ አልመክርም፤ ከ3 ኪሎ በታች ለሆነ ውሻም አይሆንም። ለቦቢ ግን ወጪው ይገባዋል። ማሳከኩ የሚብስበት ሣሩ በሚያብብበት በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ የማብቂያ ቀኑን አይተን ሦስተኛውን ብልቃጥ ለዚያ ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠነዋል።