«የጥሪ ሲስተም እንገጥምላችሁ» ለሚሏችሁ ብር ከመስጠታችሁ በፊት

ሱቅ፣ ሳሎን ወይም ትንሽ ቢሮ ያላችሁ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡልኝ። «ስልክ ባታነሱም ደንበኛ አያመልጣችሁም። ጥሪውን ወደ ሠራተኛችሁ የሚያዞር፣ ያመለጠውን በሜሴጅ የሚያሳውቅ ሲስተም እንገጥማለን» እያሉ በየሱቁ የሚዞሩ ልጆች አሉ። የመግጠሚያ ይከፈላል፣ በየወሩም ይከፈላል። ልብስ ስፌት ያላት እህቴ ከፍላ አስገጠመች።

ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። ሲስተም የሚባል ነገር የለም። ልጁ ያደረገው መደወያው ላይ አንድ ኮድ መጻፍና መደወል ብቻ ነው። *21* ብላችሁ፣ ጥሪው የሚሄድበትን ቁጥር ጽፋችሁ፣ በ# ዘግታችሁ ስትደውሉ ጥሪው ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። ስልኩን ሳታነሱ ስትቀሩ ብቻ እንዲዞር ከፈለጋችሁ በ*21* ፋንታ *61* ነው፤ መስመሩ ሲያዝ *67*፣ ስልኩ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ *62*። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ኮዱን ሳታስታውሱ ከጥሪ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ነው እንግዲህ በየወሩ የሚከፈለው!

እህቴን የሚያስፈልጋት 61 ነበር። ያስገቡላት ግን 21 ነው። ስልኳ አጠገቧ ተቀምጦ አንድ ጥሪ አይገባበትም፣ እሷ ደግሞ «ገበያ ቀዘቀዘ» ትላለች። *#21# ደውለን ስናይ የወጣው ቁጥር የሠራተኛዋ አይደለም፤ እነሱ «ሴንተር» የሚሉት የራሳቸው ስልክ ነው። በዚያ ላይ ከእናንተ ስልክ ወደዚያ ለተዞረው ጥሪ ሂሳቡ የሚቆረጠው በአብዛኛው ከእናንተ ነው። ይህን ሲሸጡላት ማንም አልነገራትም።

የሜሴጁ ነገር ይብሳል። ጥሪ ማዞር ኤስኤምኤስ አያዞርም። ስለዚህ በቴሌግራም አንድ አፕ ልከው ጫኑላት፣ ሜሴጅ የማንበብ ፈቃድም «አላው» አስባሏት። የባንክ ኮድ የሚመጣው በሜሴጅ ነው፤ አፑ ያንንም ያነባል ማለት ነው። ዋትስአፕ ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥሩን በጥሪ ሊነግራችሁ ይችላል። ጥሪያችሁ የሚገባው ሌላ ሰው ጋ ከሆነ ቁጥሩን የሚሰማው እሱ ነው። ልጆቹ ሌቦች ናቸው አላልኩም፣ ማስረጃም የለኝም። ግን እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ አይተውም።

እውነተኛው «ለሽያጭ 1ን ይጫኑ» የሚለው ዓይነት አገልግሎት አንድ ሲም ላይ ኮድ በመጻፍ አይመጣም። ለድርጅታችሁ ያ ካስፈለጋችሁ የቴሌኮም ድርጅቱን ራሱን ጠይቁ፦ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700። ያመለጠ ጥሪ ማሳወቂያም እዚያው ይጠየቃል።

ያስገጠማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ##002# ደውሉ፤ የተዞረውን ሁሉ ያጠፋል። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ከሆነ በትክክለኛው ሲም መደወላችሁን እዩ፣ እኛ መጀመሪያ በሌላኛው ደውለን «ጠፋ» ብለን ነበር። ከዚያ *#21# ብላችሁ አረጋግጡ። አፑን አጥፉ፣ የባንክና የቴሌብር ፒናችሁን ቀይሩ፣ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አድርጉ።

ብሩን መልሱ ስንላቸው «ኮንትራት ፈርማለች» አሉን። ኮንትራቱ አንድ ገጽ ነው፤ አድራሻም ማህተምም የለውም፣ ደረሰኝም አልሰጧትም። ወርሃዊውን አቁማለች፣ የመግጠሚያውን ግን እስካሁን አልመለሱም።