ለማድያት የገዛሁት ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም

ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ ፋርማሲ ኤስፒኤፍ 50 የሆነ፣ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ገዝቼ አራት ወር ተጠቅሜበታለሁ። ምክንያቱ ከሁለተኛ ልጄ እርግዝና ወዲህ ያልለቀቀኝ ማድያት ነው። ከዚያ በፊት ቁጥሩ ተመሳሳይ የሆነ፣ ነገር ግን ቀለም የሌለው ክሬም ዓመት ሙሉ ብቀባም፣ የስፌት ማሽኔ መስኮት ሥር ስለሆነ ወደ መስታወቱ የሚዞረው ግራ ጉንጬ ከቀኙ ይልቅ እየጠቆረ ሄደ።

ኤስፒኤፍ የሚባለው ቁጥር በዋናነት የሚናገረው ቆዳን ስለሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው፣ በዓይናችን የምናየው ብርሃን ግን መስታወትንም ቀለም አልባ ክሬምንም አልፎ ይገባል፤ በተለይ ሰማያዊው ክፍል ቀለም አምራች ሕዋሳት ላይ ያለውን ኦፕሲን 3 የተባለ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ቀስቅሶ ሜላኒን እንዲበዛ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይህ ብርሃን እንደ እኛ ያለውን ጠይም ቆዳ ዘለቅ ላለ ጊዜ ሲያጠቁር፣ በጣም ነጭ በሆነው ላይ ግን እንዳላጠቆረ አሳይቷል። ብርሃኑን የሚመክተው ለክሬሙ መልኩን የሚሰጠው ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር አይረን ኦክሳይድ ስለሆነ፣ ከፊት ካለው ቁጥር ይልቅ ከጀርባ ያለውን የይዘት ዝርዝር ማንበብ ይበጃል።

ጉድለቱ መልኩ ነው። ካርቶኑ ላይ ሦስት ዓይነት መልክ ቢጠቀስም ፋርማሲው የነበረው ለቀላ ፊት የተሠራው ብቻ ነበር፤ እኔ ላይ ወደ ብርቱካንማ አደላ፣ የነጠላዬንም ጠርዝ አቀለመው፤ ጎረቤቴም «ምነው እቴ፣ ድልዝ ነካሽ እንዴ?» አለችኝ። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ልክ ስለሚቀባ፣ 50 ሚሊ ሊትሩ ከ40 ቀን ብዙም አልዘለለም፤ ለእኔ ኪስ ውድ ነው።

ክሬሙ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ማታ ማታ ሐኪም ያዘዘልኝን ሃይድሮኪኖን የተባለ ጥቁረት የሚያደበዝዝ ቅባት ለተወሰነ ጊዜ ተቀብቻለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የ8 ሳምንት ጥናትም ከዚሁ መድኃኒት ጋር አይረን ኦክሳይድ ያለውን ክሬም የተቀቡት የተሻለ ለውጥ እንዳገኙ ያሳያል። የጠቆረ ሁሉ ማድያት ስላልሆነ፣ ገበያ ላይ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ማቅያ ከመግዛት ይልቅ ለቆዳ ሕክምና ወደሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መሄድ ይሻላል።

ግራ ጉንጬ ፈዝዟል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልለቀቀም። ጠቆር ያለው መልክ ደሴ ከገባ ደግሜ እገዛለሁ፤ እስከዚያው ማሽኑን ከመስኮቱ አርቄዋለሁ።