ጎንደር ላይ የቻይና እራት፦ ዓሣው፣ ቶፉውና ሒሳቡ

ዓሣው ብቻውን ያስኬዳል። ከጎርጎራ የመጣ የጣና ቆሮሶ ሳይቆራረጥ በእንፋሎት ይበስላል፤ በቀጭኑ የተከተፈ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ይነሰነስበታል፤ ሊቀርብ ሲል የጋለ ዘይትና የአኩሪ አተር ሶስ ይፈስበታል። ሌላ ምንም የለውም። በዚህ የካንቶን (የደቡብ ቻይና) አሠራር ዓሣው የቆየ ከሆነ መደበቂያ የለም፤ ወዲያው ይታወቃል። በምኖርበት ቶሮንቶ ብዙ ጊዜ በልቼዋለሁ፣ እንዲህ የጣፈጠኝ ግን አላስታውስም።

ምግብ ቤቱ ፒያሳ አካባቢ ነው። ሙሽራውም፣ ነጋዴውም፣ ከውጭ የመጣ ዘመድም ዘንድሮ የሚገናኘው እዚያ ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

አክስቴን የወሰድኳቸው አርብ ማታ ነበር። እትዬ በጾም ዓሣ አይቀምሱም። አስተናጋጁ በትሕትና «እማማ፣ ቶፉው ጾም ነው፤ ይሞክሩት» አላቸው። ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ ረግቶ የሚሠራ ነው፤ ያዘዝንላቸው ማፖ ቶፉ የሚባለውን፣ ሲቿን የተባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ምግብ ነው። በአገሩ የተፈጨ ሥጋ ስለሚገባበት፣ ሳይቀርብ በፊት ወጥ ቤት ድረስ አስጠየቅሁ። ሥጋው ቀርቷል፤ መረቁ ግን የዶሮ ሆኖ ተገኘ። አትክልቱ ላይ የሚጨመረው ኦይስተር ሶስም ዛጎል ካለው የባሕር እንስሳ የሚሠራ ነው። ይህን ያህል የሚያስከፍል ቤት፣ ያውም በ44ቱ ታቦት ከተማ፣ «ጾም ነው» ከማለቱ በፊት ማወቅ ነበረበት። እናቶቻችን የሚጎርሱት ያንን ቃል አምነው ነው።

ወጥ ቤቱ ግን አልተከራከረም። ዋናው ምግብ አብሳይ ራሳቸው ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ምግቡ በእንጉዳይ መረቅ እንደገና ተሠራ፤ ተጨማሪ ሒሳብም አልተጠየቅንም። እትዬ በማንኪያ ጫፍ ቀመስ አደረጉና «ይኼማ ስልጆ ስልጆ ይላል!» አሉ። እውነታቸውን ነው። የምግቡ መሠረት ዶባንጂያንግ የሚባል፣ ባቄላና ቃሪያ አብረው ተብላልተው የሚሠራ ድልህ ነው፤ ስልጆም የባቄላ ዱቄትና ሱፍ ተብላልቶ ነው። ምላሳቸውን ደንዘዝ ያደረገው የሲቿን በርበሬ የሚባለው ፍሬ ደግሞ ከጤና አዳም ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው፤ ሎሚና ብርቱካንም እዚያው ናቸው። ቡናቸውን ያለ ጤና አዳም የማይጠጡት አክስቴ ሳህኑን ጨረሱት። እኔንም አጎረሱኝ።

ዳክዬውን ሌላ ቀን ከአጎቴ ልጆች ጋር ሞክረነዋል። ቆዳው ሊንኮሻኮሽ ሲገባው ተልፈስፍሶ መጣ። ገንዘቡን አያወጣም።

ሒሳቡ ከበድ ይላል። ሜኑው ላይ ባለው ዋጋ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት አልገባበትም፤ 1000 ብር የሚለው ምግብ ሲከፈል 1265 ብር ይሆናል። ይህም ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ነው የተጻፈው። ከውጭ ለመጣ ሰው ምንዛሪው ያቀልለታል፤ በደመወዙ እናቱን ሊጋብዝ ለገባ የጎንደር መምህር ግን 265 ብር ቀላል አይደለም፣ ያውም በእያንዳንዱ ሳህን። የሚከፈለው ሙሉ ዋጋ ከምግቡ ስም ጎን ይጻፍ።

ሥራ አስኪያጁን ሳነጋግራቸው አዲሱ ሜኑ ሲታተም ጾሙና ፍስኩ እንደሚለይ ነግረውኛል። እስከዚያው ረቡዕና አርብ የምትሄዱ፣ መረቁ ከምን እንደተሠራና ኦይስተር ሶስ እንዳለበት ከማዘዛችሁ በፊት ወጥ ቤቱን አስጠይቁ።