የኮምቦልቻው አበባ መሸጫ፦ የፊቱን እለፉት፣ ጓሮውን ጠይቁ

ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ልትገቡ ስትሉ፣ መንገድ ዳር በጥቁር ላስቲክ የተደረደረ ችግኝ ታያላችሁ። ታፔላ የለውም። ለባጃጅ ሹፌር «አበባ መሸጫው ጋ» ማለት ይበቃል። ንብና ቢራቢሮ የሚመላለሱበት ትንሽ ግቢ ለሚፈልግ ሰው፣ በእኛ አካባቢ ካየኋቸው ችግኝ መሸጫዎች ይሄን የሚያህል የለም። ግን መምረጥ ካላወቃችሁበት ብዙ ብር አውጥታችሁ ንብ ዞር ብላ የማታየው ግቢ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከፊት ነው። መንገዱን ይዞ የተደረደረው ሁሉ ዓይን ይስባል፤ ድርብርብ ጽጌረዳ፣ በየቀለሙ ቦገንቪላ፣ ለሳሎን የሚሆን ቅጠላ ቅጠል። ሰው መኪና አቁሞ የሚገዛው ይሄንኑ ነው። ትልቁን ጽጌረዳ 250 ብር ብለውኛል። ለዓይን ከሆነ ይገባዋል፣ ምንም አልልም። ለንብ ግን ባዶ ነው። ያ ድርብርብ ጽጌረዳ የአበባው ቅጠል እንዲበዛ ተብሎ ሲዳቀል፣ ንብ የምትሰበስበውን የአበባ ዱቄት መያዝ የነበረበት የመሃሉ ክፍል ራሱ ወደ አበባ ቅጠልነት ተቀይሯል፤ የቀረችውን ትንሽ ዱቄት ለማግኘት እንኳ ንቧ ያንን ሁሉ ድርብ ገላልጣ መግባት አለባት። የቦገንቪላ ደማቅ ቀለም ደግሞ አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው። አበባው መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ነጭ ነገር ናት፤ ቀረብ ብላችሁ እዩዋት። አሁን የዱሩን ጽጌረዳ፣ ቀጋን አስቡት። አምስት ነጭ የአበባ ቅጠል፣ መሃሉ ቢጫ፣ ወለል ብሎ የተከፈተ። ንብ መጥታ ቀጥታ ታርፍበታለች። ቀጋን ታዲያ ከፊት አታገኙትም።

የመሸጫው ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። «እትየ፣ ለንብ የሚሆን ምን አለ?» ስላቸው ሳቁብኝ። «ለንብ? እሱማ እዚህ አይደለም ልጄ፣ ይሄ ለሰርግ ቤት ነው። ና እስኪ በዚህ በኩል ግባ።»

ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ኮሰረት አለ፣ ጦስኝ አለ፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ግራዋ፣ ስሚዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የዋንዛና የቀጋ ችግኝ። አብዛኛው 40 ብር፣ ዋንዛው 60። ለቤታቸው ቅቤ ማንጠሪያ ያሳደጉት አንድ አሮጌ ኮሰረት አብቦ ነበር፤ ያቺ ኢምንት የምታህል አበባው ላይ ንቦቹ ሰው መጣ አልመጣ ጉዳያቸውም አልነበረም። አንዷን ጎንበስ ብዬ አየኋት። የኋላ እግሮቿ ላይ ዱቄቱን አድቦልቡላ ይዛለች፣ ክብደቱ ወደ ታች ይጎትታታል፣ እሷ ግን ገና ሌላ ትፈልጋለች። ከፊት ያሉት ጽጌረዳዎች ላይ በዚያው ሰዓት አንድም ንብ አላየሁም። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ሌላ የወደድኩት ነገር ውሃቸው ነው። የተሰበረ ምጣድ ላይ ጠጠር ሞልተው፣ ጠጠሩ አፍንጫውን ብቅ እስኪያደርግ ድረስ ብቻ ውሃ ያፈሱበታል። ንብ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ትሰጥማለች፤ ጠጠሩ ላይ ቆማ ስትጠጣ ግን ምንም አትሆንም። ይሄ የሚሸጥ ነገር አይደለም፣ ቤታችሁ ሄዳችሁ በነጻ የምትሠሩት ነው። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ አለዚያ ለወባ ትንኝ ነው የምትለፉት።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

ሎሚ ልገዛ ፈልጌ ነበር። ለሎሚው አይደለም፣ ለቢራቢሮዋ። ቢራቢሮ አበባ ብቻ አይበቃትም፤ እንቁላል የምትጥልበት፣ ልጆቿ የሚበሉት ቅጠል ያስፈልጋታል። ያቺ ጥቁር ሆና ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት ትልቋ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው ሎሚና ብርቱካን ላይ ነው። ትሉ ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ወፍም ኩስ ነው ብላ ታልፈዋለች። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ነካ ስታደርጉት ከራሱ ላይ ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይለቅባችኋል። ልጆች ካሏችሁ ይሄን አሳዩአቸው፣ ቴሌቪዥኑን ይረሱታል። ታዲያ እዚህ መሸጫ ያለው ሎሚ ሁሉ ቅጠሉ አንድ ቀዳዳ የለውም። ጠጋ ስትሉ የመድኃኒት ሽታ አለው። ልጃቸው ሳምንት በሳምንት እንደሚረጭ ነገረኝ። «ቅጠሉ የተበላ እንደሆን ማን ይገዛናል?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ሰዉ ቀዳዳ ሲያይ የታመመ ነው ብሎ ይሸሻል። ግን የሚረጨው ምን እንደሆነ ስሙን እንኳ አያውቀውም፣ ከሌላ ጠርሙስ የተቀዳ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ቅጠል ላይ ቀርቶ ዝናብ የሚያጥበው ዓይነት አይደለም፤ ግንዱ ውስጥ ገብቶ እስከ አበባው ዱቄትና ወለላ ይደርሳል። ለንብ ብሎ ተክሎ ንብ መመረዝ ማለት ነው። እኔ ሎሚውን ትቼ ጓሮ ያለውን ያልተረጨ ጤና አዳም ወሰድኩ፤ ከሎሚ ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው።

ደሴ ለምትኖሩ ሎሚው ሌላም ችግር አለበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ብርዱ ሌላ አገር ነው። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የሚያድር የቆላ ችግኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅጠሉ ይጠቁራል። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ግን ብርዱን ይችሉታል። ይሄን ሻጮቹ አይነግሯችሁም፣ ካልጠየቃችሁ።

የወፍ ቆሎ የሚባለውን ቁጥቋጦም (ላንታና) ከፊት ይሸጣሉ። ቢራቢሮ ይወደዋል፣ ሐሰት አይደለም። እኔ ግን አልገዛም። መጤ ነው፣ ፍሬውን ወፍ እየበላ በየሜዳው ይዘራዋል፣ በብዙ ቆላማ ቦታ ግጦሽ ወሮ አስቸግሯል፣ ከብት ሲበላው ይታመማል። እትየን ስነግራቸው «ሰው ይፈልገዋላ» ብለው አለፉኝ።

ምን ልግዛ ለሚል፣ በወቅት አስቡት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ንብ ምንም አትቸገርም፤ አደይ አበባውም መጩም ሜዳውን ሞልቶታል፣ የእናንተን ግቢ ማን ይፈልገዋል። የምትራበው በጋው ሲከር፣ በልጉ ገና ሳይጥል ነው። ስለዚህ ብራችሁን ያኔ በሚያብበው ላይ አውሉት። ግራዋ በበጋ ያብባል፣ የጥብስ ቅጠል ውሃ ካገኘ ለረጅም ጊዜ አበባ አያጣም። ቦታ ከጠበባችሁ በጣሳ ተክሉት። በሶብላውን ደግሞ ለበርበሬ ብላችሁ ሙልጭ አታድርጉት፣ ግማሹን ለአበባው ተዉት።

እትየ ሒሳብ ስከፍል የነገሩኝን ልጨምር፦ ግቢውን ጥግ እስከ ጥግ ሊሾ አታድርጉት። ጣዝማ መሬት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ቀፎ የማታውቅ፣ ለብቻዋ የምትኖር ንብም ብዙዋ አፈር ቆፍራ ነው እንቁላል የምትጥለው። ፀሐይ የሚያገኘው አንድ ጥግ ባዶ አፈር ሆኖ ይቅር። ጎረቤት ልጆቼን ትነድፋለች ብሎ ቢሰጋ፣ አበባ ላይ የምትሠራ ንብ ካልያዟትና ካልረገጧት ከሰው ጋር ጉዳይ የላትም በሉት።

መስተንግዶውን በተመለከተ፣ ወሎ ነው፣ ቡና ሳይጠጡ መውጣት የለም። ቸኩያለሁ ብትሉ «አብሽር፣ ፈልቷል» ነው መልሱ። ቴሌብር ይቀበላሉ። ችግኙ ላይ ስም የሚባል አልተጻፈበትም፣ ስለዚህ ስሙን እዚያው ጠይቃችሁ ላስቲኩ ላይ በእስክርቢቶ ጻፉበት። ከመክፈላችሁ በፊት ላስቲኩን አንሱት፤ ሥሩ ቀዶ ወጥቶ መሬት የያዘ ከሆነ ሲነቀል ይቆረጣል፣ ሌላ ምረጡ። ሒሳብ ላይ አይጨቃጨቁም፣ እንዲያውም ብዙ ከወሰዳችሁ አንድ ኮሰረት ይመርቁላችኋል። ወደ ደሴ ስትመለሱ የሚኒባሱ ረዳት ለችግኙ ለብቻ ሒሳብ ይጠይቃችኋል፤ ከመጫናችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ለመትከል የሚሻለው ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲይዝ ነው። አርብ ቀን ለጁምዓ ስለሚዘጉ ከ8 ሰዓት በኋላ ሂዱ።