የአየር ጠመንጃ የውስጥ ዕቃ ኪት፦ መሪው ግሩም፣ ሞላው ግን ይታሰብበት

በሞላ ለሚሠራ፣ በርሜሉ ወደ ታች እየታጠፈ ለሚወጠር የአየር ጠመንጃ የቀረበው ይህ ኪት ሞላ፣ የሞላ መሪ (ሞላው ውስጥ ገብቶ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ዘንግ)፣ ፒስተኑ ውስጥ የሚቀመጥ ባርኔጣ፣ የፒስተን ጎሚኒ፣ የበርሜል ኦሪንግ (አየር እንዳያፈስ የሚያደርግ ቀለበት) እና ሁለት ባለ 1 ሚሊ ሜትር ሮንዴላዎች አሉት። ገንዘቡን የሚያስመልሰው መሪው ነው። የፋብሪካው መሪ ብዙ ጊዜ ለሞላው ስለሚቀጥንበት ሞላው በተተኮሰ ቁጥር ይርገበገባል፤ እንደ ክራር ክር የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ይኼኛው ከጠንካራ ፕላስቲክ ተጠርቦ የተሠራ ነው፤ ሞላው የሚገባበት በእጅ እየተጠመዘዘ ነው። ሾልኮ የሚገባ ከሆነ ልኩ አይደለምና ይመለስ።

ሞላው ላይ ግን ቅሬታ አለ። «ተጨማሪ ጉልበት» ተብሎ ይሸጣል፤ ሞላ ከልክ በላይ ሲጠነክር ግን ፒስተኑ የታመቀውን አየር መትቶ ወደ ኋላ ይነጥራል። ፍጥነቱ እምብዛም ሳይጨምር እርግጫው ይከፋል፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ማሰሪያ ይላላል። ከመገጠሙ በፊት የሽቦውን ውፍረት በጥምዞቹ ብዛት ማባዛት ያስፈልጋል፦ 3.25 ሚሊ ሜትር በ30 ሲባዛ 97.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሞላው ጥምዞቹ እስኪገጥሙ ሲታመቅ የሚይዘው ርዝመት ይህ ነው። ጠመንጃው ተወጥሮ ሳለ ለሞላው የሚቀረው ቦታ ከዚህ በጥቂት ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ጥምዞቹ እርስ በርስ ይገጥሙና ቃታው ሳይዝ ይቀራል፣ ወይም ሞላው ይሰበራል። ሮንዴላዎቹም የሚሻሙት ይህንኑ ቦታ ነው፤ ያለ እነሱ መጀመር ይሻላል።

ሲፈታ መጀመሪያ በርሜሉ ባዶ መሆኑ፣ ሞላውም አለመወጠሩ ይረጋገጥ። ሞላው ሳይወጠርም ታምቆ ነው የሚቀመጠው፤ ያለ ሞላ መጭመቂያ የኋላ መድፈኛውን የነቀለ ሰው ፊቱን ለአደጋ አጋልጧል።

ጎሚኒው ትንሽ ወፍራም ነው። ደረቁን ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ በአውራ ጣት ጠንከር ያለ ግፊት መሄድ አለበት። እምቢ ካለ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እኩል እያሻሹ ደጋግሞ መሞከር ነው፤ አንዴ ከላላ መመለሻ የለውም። አዲስ ጎሚኒ ከተገጠመ ማግስት የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው፦ የሲሊንደሩ ስንጥቅ (ለመወጠሪያው ክንድ የተተወው ክፍት ቦታ) ጠርዝ ስለት ሆኖ ሲያስገቡት ይልጠዋል። ጠርዙን በጥሩ ሞረድ አለስልሶ ብናኙን ጠርጎ ማውጣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከኪቱ ጋር የመጣው መመሪያ ግን አንድም ቃል አይልም።

ግራሶ ኪቱ ውስጥ የለም። የሞሊብዲነም ግራሶ በፒስተኑ ጎንና በሞላው ላይ ስስ ሆኖ ይቀባ፤ ከጎሚኒው ፊት ግን ምንም። እዚያ የገባ ዘይት በታመቀው አየር ሙቀት ይቀጣጠላል፤ ጭሱና ፍንዳታው ጎሚኒውን ይበላዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ያህል ተኩሶች ፍጥነት ሊዋዥቅ ስለሚችል ከእነሱ በኋላ አሥር ጥይት በፍጥነት መለኪያ ይለካ። 0.547 ግራም ጥይት በሰከንድ 240 ሜትር ከሄደ ጉልበቱ 15.75 ጁል ነው፤ ከአገሩ ሕግ ጣሪያ ጋር ይመሳከር። ፍጥነቱ ዝቅ ካለ በርሜሉ የሚዘጋበት መጋጠሚያ ላይ ቁራጭ ሶፍት አስቀምጦ መተኮስ፤ ሶፍቱ ከተነሳ የሚያፈሰው ኦሪንጉ ነው፣ ከሥሩ ስስ ቀለበት ይግባበት።