7 በ14 ሚኒ ቶርኖ፦ የኩሽኔታ ቀለበት ቤት ውስጥ ለመሥራት ትበቃለች?

ቶርኖ ብረት እያዞረ በቢላ የሚቆርጥ ማሽን ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቀስ ብሎ ለሚዞርና ልኩ ገበያ ላይ ለማይገኝ ኩሽኔታ ከሆነ ትበቃለች። 608 ወይም 6204 የሚል ቁጥር ላለው ተራ ኩሽኔታ ከሆነ ግን እርሱት። ፋብሪካ ሞርዶና በማይክሮን ለክቶ በጥቂት ዶላር የሚሸጠውን ነገር ጋራዥ ውስጥ ልድገመው ማለት ጊዜ ማባከን ነው። እኔ ማሽኗን የገመገምኳት በአንድ ሥራ ነው፤ የብየዳ ማዞሪያ ጠረጴዛዬን የሚሸከሙ፣ በመካከላቸው ኳስ የሚሽከረከር ሁለት ጠፍጣፋ ቀለበቶች። ለጀማሪ የሚሻለውም ይኸው ዓይነት ነው፣ ምክንያቱም ኳሱ የሚሄድበት ቦይ የሚቆረጠው ፊት ለፊት በሚታይ ገጽ ላይ እንጂ ቀዳዳ ውስጥ ተገብቶ አይደለም።

ማሽኗ ቻይና ተሠርታ አሜሪካ ውስጥ በተለያየ ቀለምና ስም የምትሸጥ፣ 40 ኪሎ ገደማ የምትመዝን የጠረጴዛ ቶርኖ ናት። 7 ኢንች የሚባለው ሊዞርባት የሚችለው ትልቁ ስፋት ነው፣ 178 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ 14ቱ ደግሞ የምትይዘው ርዝመት በኢንች ነው። አብሯት የሚመጣው ማንድሪኖ (ብረቱን ነክሶ የሚያዞረው ክፍል) ግን ብዙ ጊዜ 3 ኢንች ብቻ ነው፣ ሰፋ ላለ ቀለበት አይመችም። 4 ኢንች ማንድሪኖ ከነማያያዣ ሳህኑ ጨምሩበት። ለጉዞ የተቀባችውን ወፍራም ግራሶ ጠርጉ፣ የሚንሸራተቱትን ክፍሎች ማጥበቂያ ብሎኖች አንድ በአንድ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሥራ ጀምሩ።

ደካማ ጎኗ ሞተሯ ነው፣ በተለይ ባለ ካርቦኑ። ፍጥነት ሲቀንስ ጉልበቷም አብሮ ይወርዳል። የኩሽኔታ ቦይ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፣ ዝግ ያለ ዙርና ብዙ ጉልበት። ግማሽ ክብ የሆነ ቢላ በሙሉ አፉ ሲነክስ ማሽኗ ትንቀጠቀጣለች፣ ቦዩ ላይ የሞገድ ምልክት ይቀራል፣ ኳሱም ሲያልፍበት እየጮኸ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ መጀመሪያ ብዙውን ብረት በጠባብ ቢላ አውጡ፣ ክቡን ቢላ ለመጨረሻዋ ስስ ቁራጭ ብቻ አስቀሩት። ገንዘቡ ካላችሁ ካርቦን የሌለውን ሞተር ምረጡ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢላው የሚታሰርባትን ላይኛዋን ትንሽ መንሸራተቻ አውልቆ በቦታዋ ድፍን ብረት ማሰርም መንቀጥቀጡን በደንብ ይቀንሰዋል።

አሁን ወደ ቦዩ። ብዙ ሰው ቦዩ ልክ የኳሱን ቅርጽ መያዝ ያለበት ይመስለዋል። አይደለም። ልክ ከሆነ ኳሱ በሰፊው ይነካል፣ ይፋተጋል፣ ይሞቃል። የቦዩ ሬዲየስ ከኳሱ ዲያሜትር 52 በመቶ አካባቢ ይሁን፣ ማለትም ከኳሱ ሬዲየስ ትንሽ ሰፋ ያለ። እኔ የተጠቀምኩት 1/4 ኢንች ኳስ ነው፣ 6.35 ሚሊ ሜትር። ቢላውን ከቱል ስቲል ዘንግ በ6.6 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ቀርጾ፣ ከፊቱ ወደ ኋላ እንዲሾል አድርጎ፣ አጠንክሮ መሥራት ይቻላል። ሒሳቡ ራሱ 52 በመቶ ላይ ያርፋል። ልኩን ለማየት ቦዩን ሰማያዊ ቀለም ቀብታችሁ ኳስ አንከባሉበት፤ ቀለሙ መሃል ላይ ብቻ በጠባብ መስመር ከተነሳ ጥሩ ነው፣ ሁለቱ ጠርዝ ላይ ከተነሳ ቦዩ ጠቧል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። የመሃሉን ቀዳዳ፣ ፊቱንና ቦዩን ሳትጨርሱ ቀለበቱን ከማንድሪኖው አታውጡት። ባለ ሦስት ጥርስ ማንድሪኖ መልሶ ሲይዝ መሃሉን አያገኘውም። በአንድ አያያዝ ያለቀ ሥራ ግን የማንድሪኖው ስህተት አይነካውም፣ የሚወስነው ማሽኗ ራሷ የምትዞርበት ኩሽኔታ ነው። የዚህች ቶርኖ ዋና ዘንግ ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በተራ 6206 ኩሽኔታ ነው፣ እሱ ከተንገዋለለ የምትቆርጡት ቀለበትም ክብ አይሆንም። ባለሙያዎች በ7206 ወይም በሾጣጣው 30206 ይቀይሩታል፤ ሁለተኛው ወፈር ስለሚል ማስተካከያ ይፈልጋል። ለእኔ ሥራ የነበረው በቅቶኛል፣ ፍጥነት ለሚፈልግ ነገር ግን አልሞክርም።

ብረቱ ኦ-1 የሚባለው ቱል ስቲል ነው። ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙት 52100 ነው፣ ለቤት ግን ኦ-1 ይቀላል። ማግኔት መሳቡን እስኪያቆም አሙቁት፣ ከዚያ ትንሽ አልፋችሁ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ወዲያው 200 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ አለዝቡት። ሳይጠነክር ይሠራል የሚሉ አሉ፣ አልስማማም። ለስላሳ ብረት ላይ ክብደት ሲያርፍ ኳሱ ጉድጓድ ያበጃል፣ ጠረጴዛውም እየተንከረፈፈ ነው የሚዞረው። ቀለበቱን ግን በጣም አታሳሱት፣ ስስ ከሆነ ሲጠነክር ይጣመማል። ዘይቱ ስለሚያጨስና እሳት ሊይዝ ስለሚችል ይህን በር ከፍታችሁ፣ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ይዛችሁ ሥሩት።

ኳሱን ከመሥራት ይልቅ ግዙት፣ ርካሽ ነው፣ ጥራቱም ከምታስቡት በላይ ነው። የኳሶቹ መሃል 76 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ሲሆን 37 ኳስ ጥቂት ክፍተት አስቀርቶ ይገባል። መለያያ ቀፎም አያስፈልገውም። ግራሶ ቀብታችሁ ግጠሙት። ለብየዳ የምትጠቀሙበት ከሆነ ማሳውን (የብየዳ ማሽኑን የመመለሻ ገመድ) የላይኛው ሳህን ላይ እሰሩት፣ ከታች ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኳሶቹ በኩል ያልፍና የለፋችሁበትን ቦይ ይበሳሳዋል።

አገር ቤት ልላክ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ እዚህ አሜሪካ የሚሸጠው ባለ 110 ቮልት ነው። 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካርዱ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ባለ 220ውን አፈላልጉ። ክብደቷም ከ23 ኪሎ ሻንጣ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም፣ በካርጎ ነው የምትሄደው።